የእትዬ ዘርፌ ክላሴሮች

የእትዬ ዘርፌን ዕረፍት የነገረኝ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሐሙሲት ላይ ሰው እያወረደ በመስተዋቱ አየኝና፣ «እንጉዳይ፣ ያች ከብት የምትፈራዋ የላቦራቶሪ ሴትዮ አዲስ አበባ ሞተች አሉ፤ ሰማሽ?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። እኔ ስደነግጥ ቁጣ ይቀድመኛል። «ሞተች አይባልም፤ አረፉ በል! በወባ ስትንዘፈዘፍ ደምህን አይተው ያተረፉህን ሴትዮ!» ብዬ ጮኽሁበት። ሹፌሩ አፈረ። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ ነፍሳቸውን ይማረው» ብሎ ሬዲዮኑን ዘጋው። እኔም እስከ ወረታ ድረስ በመስኮቱ የሩዙን ማሳ እያየሁ አለቀስሁ።

ሹፌሩ ግን አልዋሸም። እትዬ ዘርፌ ከብት ይፈሩ ነበር። ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ነው፤ ከብት ማለት ለሳቸው ልኳንዳ ቤት የሚሰቀል ነገር ነው። መንግሥት ደግሞ ከአገሩ ሁሉ መርጦ የፎገራ ከብት የሚርመሰመስበት ሜዳ ላይ ጣላቸው። ወደ ማታ ከብቱ ከግጦሽ ሲገባ አስፋልቱን ይሞላዋል። ይኼኔ እትዬ ዘርፌ ፊት ለፊታቸው ያገኙት ሱቅ ውስጥ ጥልቅ ይሉና የማይገዙትን ምስማር ዋጋ ይጠይቃሉ። ባለሱቆቹ ለምደዋቸው፣ «ይቀመጡ እትዬ፣ ገና አላለፉም» ይሏቸው ነበር። እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ፤ ከከብት ጋር ነው ያደግሁት፤ ስቄ አልጠግብም። «እትዬ፣ የፎገራ ላም እኮ ሰው አትነካም» ስላቸው፣ «አንቺንማ ታውቅሻለች፤ እኔንና እሷን ማን አስተዋወቀን?» ይሉኛል።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። መነጽራቸው ሁልጊዜ ይንሸራተታል። ሥራ ላይ እጃቸው ጓንት ስለማይለየው በእጃቸው አንጓ ጀርባ ወደ ላይ ገፋ ያደርጉታል። ቤታቸው ሽንኩርት ሲከትፉም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲያስቀድሱም እንደዚያው በአንጓቸው ነበር። አብረናቸው የሠራን ሁሉ መነጽር ያለንም የሌለንም ይህች ነገር ተጋባችብን። ተማሪ ማይክሮስኮፕ ላይ ተጣድፎ ሲያዩ ደግሞ ከኋላው ቆመው፣ «ቀስ በል አንተ፣ ወባዋ አትሮጥም» ይላሉ። ይህችን ያልሰማ ተማሪ በእጃችን አላለፈም።

የምንሠራበት ጤና ጣቢያ ስሙን አልጠራውም፤ ትንሽ ነበር። ላቦራቶሪው ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ ደም እንቀዳለን፣ በአንዱ እንመረምራለን። ውጤት የሚጠብቀው ሕዝብ ደጅ ላይ ነው የሚቆመው፣ በምርመራው ክፍል መስኮት በኩል እያየን። እትዬ ዘርፌ ኃላፊ፣ እኔ ቴክኒሻን። በየዓመቱ ከአንድ ጤና ኮሌጅ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ይላኩልን ነበር።

ይህ የተግባር ልምምድ የሚሉት ነገር ከእትዬ ዘርፌ በፊት ምን ይመስል እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ልጆቹ መጥተው ስላይድ የሚሉትን የደም መቀቢያ መስተዋት ያጥባሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ካርድ ያመላልሳሉ፣ የተረፈውን ጊዜ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። መጨረሻ ላይ አንዲት ወረቀት ትመጣለች። «በሚገባ ተለማምዷል» ተብሎ ማህተም ይመታባታል፣ ልጁም ይመረቃል፣ ነገ የሰው ደም ይሰጠዋል። እትዬ ዘርፌ በመጡ ዓመት ይህችን ወረቀት ብንሰጣቸው አገላብጠው አዩና መለሷት። «ምን ሲለማመድ አየሁት ብዬ ነው የምፈርመው? ውኃ ሲቀዳ? ውኃ መቅዳትማ እናቱ አስተምራዋለች» አሉ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኮሌጁ መመላለስ ጀመሩ። በዕረፍት ቀናቸው በአውቶቡስ ሄደው በአውቶቡስ ይመለሳሉ። ምን ብለው እንዳሳመኗቸው አላውቅም፤ አንድ ቀን ግን ከአውቶቡስ ሲወርዱ በሁለት እጃቸው ክላሴር ታቅፈው ነበር። «ፖርትፎሊዮ ይባላል» አሉኝ። እኛ ግን እስከ መጨረሻው ክላሴር ነው ያልነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ይሰጠዋል። በገዛ እጁ የሠራውን እዚያ ውስጥ ያከማቻል። ስላይዱን እንዴት እንዳዘጋጀ ይጽፋል፣ በማይክሮስኮፕ ያየውን በእርሳስ ይሥላል፣ የት ላይ እንደተሳሳተና በሚቀጥለው ምን እንደሚያደርግ ያሰፍራል። እሳቸው ደግሞ ከልጁ ጋር ተቀምጠው ገጽ በገጽ ያወሩበታል፤ ካመኑበት ይፈርማሉ። ካልተፈረመ ገጹ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ክላሴሩ ያልሞላለት ተማሪም ከጓደኞቹ ጋር አይመረቅም። ይህን ኮሌጁም ተቀብሎታል።

እኔ በበኩሌ አልወደድሁትም። በዚያ ዘመን ደግሞ ወረቀት አንሶን ነበር? ግምገማ አለ፣ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ አለ፣ የሳምንት ሪፖርት አለ፣ የወር ሪፖርት አለ። «እትዬ፣ አሁን ይኼ ሌላ ሪፖርት ተጨመረብን ማለት ነው?» አልኋቸው።

«አይደለም እንጉዳዬ» አሉኝ። «ሪፖርት ለአለቃ ነው። ይኼ ለልጁ ነው።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር አግዳሚ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ክላሴራቸውን ይዘው ይቀርባሉ፣ ኑዛዜ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ዓርብ ትዝ ይለኛል። ልጆቹ ሁሉ የሣሏት ወባ አንድ ሆና ተገኘች፤ ያችው ቀለበት፣ ያችው ጎኗ ላይ ያለች ነጥብ፣ ሌላው ቀርቶ ጥጓ ላይ ያረፈችው የእርሳስ ጭረት እንኳ አንድ ናት። ለካስ ከመካከላቸው ሥዕል የሚችለው ልጅ ለሁሉም ሥሎላቸው ኖሯል። እትዬ ዘርፌ ክላሴሮቹን ጭናቸው ላይ ደረደሩና፣ «ይህች ወባ ታሳዝናለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ለቤት ስትዞር ሰንብታለች። በሉ አሳርፏት» አሉ። ልጆቹ መሬት ቢውጣቸው በወደዱ። ሰኞ ሁሉም የየራሱን አስቀያሚ ወባ ሥሎ መጣ። በዚያች አስቀያሚ ሥዕል ላይ እንዴት እየተደሰቱ እንደፈረሙ ባያችሁ!

እውነቱን ልናገር፤ እየዋለ እያደረ እኔም ወደድሁት። ዱሮ ስላይድ ሲሰበር ስብርባሪው ተሸሽጎ ይጣል ነበር። አሁን ተማሪው ራሱ እየሮጠ መጥቶ «እንጉዳይ፣ ቀለሙን ሳላጣራው ቀርቼ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ሆነብኝ፤ በክላሴሬ ልጻፈው?» ይለኛል። ሲሳሳት የማይደበቅ ተማሪ ያየሁት ያኔ ነው።

ግን እያንዳንዱ ነገር የራሱ መዘዝ አለው። ክላሴሩ መሙላት አለበት። ለመሙላት ደግሞ በሽታው መገኘት አለበት፤ በሽታው እንዲገኝ ሰው መታመም አለበት። ይህን ያኔ ማናችንም አላሰብነውም፤ እትዬ ዘርፌም ጭምር።

በዚያ ዓመት ከመጡት ውስጥ ይበልጣል የሚባል ልጅ ነበር፤ የደራ ልጅ ነው፣ አገሩ አንበሳሜ። ጎበዝ ነው፤ አፉ ግን ከራሱ ቀድሞ ይሮጣል። ለእትዬ ዘርፌ ልጃቸው ማለት ነበር፤ ከቤት ሲመለስ የሽምብራ እሸት በነጠላ ቋጥሮ ያመጣላቸዋል፣ እሳቸውም «ይኼ ጉቦ ነው» እያሉ ይበሉለታል። የዚህ ልጅ ክላሴር ከአንድ ገጽ በቀር ሞልቶ ነበር። እኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ወባ ይበዛል። አንዱ እያመላለሰ ያንገላታል እንጂ ቶሎ አይገድልም። ሌላው ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው ነው፤ ሕፃን ላይ ሲወድቅ ጊዜ አይሰጥም። ለይበልጣል የጎደለው ይህ ክፉው ነው። ጓደኞቹ ሁሉ አግኝተዋል፤ እሱ ዘንድ የሚደርሰው ስላይድ ሁሉ ያኛው ብቻ ይሆንበታል። ሌላ ሰው ያገኘውን አይቶ መሣል ደግሞ አይቻልም፤ እትዬ ዘርፌ፣ «ያገኙልህን ማየት አንድ ነገር ነው፣ ራስህ ማግኘት ሌላ ነው» ብለዋል። ኮሌጁ ገምጋሚ የሚልክበት ጊዜ ተቃርቧል። ልጁ ጧት ጧት ካርድ ክፍል እየሄደ፣ «ዛሬስ ትኩሳት ያለበት ሰው የለም?» ይላል። የካርድ ክፍሏ ልጅ፣ «ሂድ ወዲያ፣ ሟርተኛ!» ብላ ታባርረዋለች።

የገበያ ቀን ነበር፤ ወሩ ጥቅምት፣ ክረምቱ ሜዳው ላይ ትቶት የሄደው ውኃ ገና አልደረቀም። እትዬ ዘርፌ ለቢፒአር ስብሰባ ወደ ወረዳ ሄደዋል። እኔ በጎን ክፍል ከአንድ ሽማግሌ ደም እየቀዳሁ ነው። ይበልጣል ከጓደኞቹ ጋር ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ሕጉ ያገኘውን በዝምታ ለኔ ማሳየት፣ እኔም አረጋግጬ ውጤቱን መጻፍ፣ ወላጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ መሄድ ነው።

በድንገት፣ «ተገኘ! ኧረ ተገኘ! እንጉዳይ፣ ነይ እይልኝ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ። በኋላ እንደሰማሁት ልጁ ከወንበሩ ዘሎ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ አንስተው ተሸክመውታል።

ከመስኮቱ ውጭ ማንጠግቦሽ የምትባል ወጣት ሴት ሕፃን ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። ደሙ የልጇ ደም ነው። ከሩቅ ገጠር በእግሯ መጥታ፣ ፈርታ፣ እየጸለየች የቆመች እናት ናት። እንግዲህ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው የልጇን ደም አይቶ እንደዚያ ሲፈነድቅ ምን ታስብ? እልልታዋን አቀለጠችው። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሴቶችም ተቀበሏት። እኔ እንኳ ሽማግሌውን እንደያዝሁ፣ «ማን ወለደ?» ብያለሁ።

የሽማግሌውን ክንድ በጥጥ አሽጌ መጥቼ በማይክሮስኮፑ አየሁ። ክፉው ነው፤ ብዛቱ ያስፈራል። ወረቀቱን ጽፌ በመስኮቱ ብጣራ መልስ የለም። ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ ይሆናል ብዬ ብልክ አልመጣችም አለ። በሩ ላይ ሸንኮራ የምትሸጠዋ ሴትዮ ናት የነገረችን፤ «ያች ባለ ሕፃኗ? ልጄ ደህና ናት አሉኝ ብላ መሬቱን ስማ ሄደች እኮ» አለች። ይበልጣል ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ ሆነ። መድኃኒት ሳትወስድ፣ ልጅቱን ይዛ፣ እልል እያለች ነው የሄደችው።

እትዬ ዘርፌ ከስብሰባ ሲመለሱ ነገርናቸው። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለን ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና፣ «ካርዷን አምጡ» አሉ። ካርዱ ላይ ያለው በርብ ወንዝ በኩል ያለች የገጠር ጎጥ ናት። የጤና ጣቢያው መኪና መስክ ወጥቷል፤ እዚያ ስልክ የለም፤ ያኔ ሞባይል ገና የከተማ ሰው ነገር ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን አዘጋጅቶ ሰጠንና፣ «ከዋጠች በኋላ ካስመለሳት ወይም ከደከመች ሳትውሉ ሳታድሩ ይዛችሁልኝ ኑ» አለ። እትዬ ዘርፌ ጋውናቸውን አውልቀው ነጠላቸውን አደረጉ። «አንተም ትሄዳለህ» አሉት ይበልጣልን። ልጁ ቀድሟቸው በር ላይ ነበር።

ሦስታችን በጋሪ መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄድን። ከዚያ ወዲያ በሩዝ ማሳ መካከል በእግር ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። እትዬ ዘርፌ አንድ ጫማቸው እዚያው ቀረ። እኔ አውጥቼ ልስጣቸው ብል፣ «ተዪው፣ ይብቀልበት» ብለው ሌላውንም ወርውረው በባዶ እግራቸው ሄዱ። ጊዜው ከብቱ የሚገባበት ነበር። ከፊት ለፊታችን መንጋው መንገዱን ሞልቶ መጣ፤ ቀንዱ ይጋጫል፣ ጭቃው ይረጫል። ዞር ብዬ አየኋቸው። እትዬ ዘርፌ እንዲያ እንደነበሩ፣ በአንዲት ጊደርና በአንድ ወይፈን መካከል ገብተው፣ የወይፈኑን ጎን በመዳፋቸው ገፋ አድርገው አለፉ። ማለፋቸውንም ያወቁ አልመሰለኝም። ከንፈራቸው «የሕፃናት አምላክ፣ የሕፃናት አምላክ» ይላል። ያን ቀን ነው እኚህን ሴት እናቴን የምወዳትን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት።

ቤቱን ስናገኝ ማንጠግቦሽ ከሩቅ አየችንና እየሮጠች መጣች። «እሰይ! እሰይ! ደግ ወሬ ያሰማችሁኝ ሰዎች ቤቴ ድረስ መጣችሁ? ግቡ እንጂ! አባ ዓለሙ፣ መደቡን አራግፍላቸው!» ትላለች። ባሏ ወንበር ሊያመጣ ተነሣ። ሕፃኗ መደቡ ላይ ቁርበት ላይ ተኝታለች። እትዬ ዘርፌ ግንባሯን ነኩና እጃቸውን ቶሎ አነሡ። ከዚያ ወደ ይበልጣል ዞሩ።

«አንተ ንገራት» አሉት።

ልጁ ወደ እናቲቱ ዞረ። «እ… እኔ… የልጅሽ ደም ውስጥ ወባ አለ» አለ። «ክፉው ወባ ነው። አሁኑኑ መድኃኒት መውሰድ አለባት።»

ማንጠግቦሽ ፈገግታዋ ገና አልጠፋም። «አንተ አይደለህ እንዴ ሲዘል የነበርኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄ ታማ ነው የዘለልኸው?»

ባልየው የያዘውን ወንበር እንደያዘ ቆመ። ይበልጣል ሊዋሽ ይችል ነበር። አፉ ፈጣን ነው፤ አንድ ነገር ባላጣ። «ይቺን ወባ ለትምህርቴ ስፈልጋት ነበር» አለ። «አጥቻት ነበር። ሳገኛት የልጅሽ መሆኗን ረሳሁት። አንቺ መስኮቱ ላይ መኖርሽን ረሳሁት።» እንባው ወረደ።

ማንጠግቦሽ ዓይኗን ተከለችበት። እትዬ ዘርፌ መካከላቸው ገቡ። «እሱን ብቻ አትዪው ልጄ። ፈልግ ያልሁት እኔ ነኝ። ገጽህን ሙላ ያልሁት እኔ ነኝ። በሽታውን እንዲያይ አስተማርሁት፤ አንቺን እንዲያይ ግን አላስተማርሁትም። ይቅር በይን።»

«ይቅርታው ይቆየን» አለች ማንጠግቦሽ። «መድኃኒቱ የታለ?»

ክኒኑን በውኃ አሟሙተን በማንኪያ ለሕፃኗ ሰጠናት። ይበልጣል ከመደቡ ሥር ተንበርክኮ ለእናቲቱ እያንዳንዱን ነገር ነገራት፤ ስንት ጊዜ እንደምትሰጣት፣ ብትሽርም እንዳታቋርጥ፣ ሌሎቹን ልጆችም አጎበር ውስጥ እንድታስተኛ። ከዚያ «አሁን አንቺ መልሰሽ ንገሪኝ» አላት። ነገረችው። አንዷን ነገር ስታ ነበር፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረላት። ይህን እንዲያደርግ ማንም አላዘዘውም። እትዬ ዘርፌ መነጽራቸውን አውልቀው እያዩት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቱ መድኃኒቱን አስመለሰችው፤ ደከመችም። አባቷ አቀፋት፤ ያንኑ ጭቃ መልሰን ረግጠን ጋሪው ጋ ደረስን፣ ወደ ጤና ጣቢያው ይዘናት ገባን። ለቀናት ተኝታ ታከመች። ይበልጣል ከአልጋዋ አጠገብ አልጠፋም። አንድ ጧት ሕፃኗ ተነሥታ የእናቷን ዳቦ ነጥቃ ስትበላ ያየን ሁሉ፣ ሐኪሙም ጭምር፣ እንደ ሰርግ ተደሰትን። ከቀጠሮ ቀን ጋር ወደ ቤታቸው ሸኘናቸው።

በቀጣዩ ዓርብ እትዬ ዘርፌ ማንጎው ሥር ሲቀመጡ የራሳቸው ክላሴር ይዘው ነበር። ለካስ ለራሳቸውም አንድ ኖሯቸዋል። የመጀመሪያውን ገጽ አውጥተው የሆነውን ሁሉ አንብበው አሰሙን፤ የራሳቸውን ጥፋት ሳይደብቁ። ከዚያ ወዲያ ለሥዕሉ ሁሉ አጠገቡ ሌላ ገጽ እንዲኖረው አደረጉ። በዚያ ገጽ ላይ ደሙ የማን እንደሆነ፣ ሐኪሙ ካየው በኋላ ለሰውየው ምን እንደተነገረው፣ ሰውየውም ምን ብሎ እንደመለሰ ይጻፋል። ሰውየው መልሶ ካልተናገረ ፊርማ የለም።

የይበልጣል ገጽም ሳይፈረም ቀረ። ልጁ ከሰውነት ተራ ወጣ። እኔ ነኝ ያላስቻለኝ። «እትዬ፣ ወባዋንማ አግኝቷል እኮ! ቤቷ ድረስ ሄዶም ነግሯታል፤ እርስዎ ራስዎ ሰምተዋል» አልኋቸው።

«እኔ ሰምቻለሁ። የተበደለችው ግን እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት። እሷ ትመስክርለት» አሉኝ። ተናድጄ ማንጎው ሥር ትቻቸው ሄድሁ። እንደ በቅሎ ግትር ነበሩ፤ የሞተ አይወቀስም ቢባልም ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ገምጋሚው የመጣው ማንጠግቦሽ ልጇን ለቀጠሮ ባመጣችበት ቀን ነው። ወጣት የኮሌጅ መምህር ነው፤ ቸኩሏል፣ የሚያያቸው ሌሎች ጣቢያዎች አሉበት። ክላሴሮቹን አገላበጠ፣ ወደዳቸውም። የይበልጣልን ሲከፍት ግን ቆመ። «ይኼ ገጽ ለምን አልተፈረመም?»

እትዬ ዘርፌ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩት። ጩኸቱን፣ እልልታውን፣ ጭቃውን። ገምጋሚው ክላሴሩን ዘጋው። «እንዲህ ያለ ጥፋት ያጠፋ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሊመረቅ አይችልም። እርስዎም ይህን ሲነግሩኝ ይህ ጣቢያ ተማሪ መቀበሉን እንደገና እንድናየው እያደረጉን ነው» አላቸው። ይበልጣል ጥጉ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እኔ በልቤ፣ «ምነው እትዬ፣ ፈርመው ዝም ቢሉስ ኖሮ!» እላለሁ።

«የሚሆነው ይሁን» አሉ እትዬ ዘርፌ። «መጀመሪያ ግን አንድ ሰው ጠይቅልኝ።» ወደ ደጅ ወጥተው ማንጠግቦሽን እጇን ይዘው አስገቧት። ልጅቱ ጀርባዋ ላይ ሆና ሸንኮራ ትመጣለች።

ገምጋሚው ትንሽ ግራ ገባው። «ይህ ልጅ… ስለ ልጅሽ ሕመም ምን ነገረሽ?»

«መጀመሪያ ምንም አልነገረኝም፤ ዘለለ» አለች ማንጠግቦሽ። «እኔም ሞኝ ነኝ፣ ደስ አለኝ። ኋላ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ጭቃ እስከዚህ ድረስ ሆኖ። ልጅሽ ደሟ ውስጥ ክፉ ወባ አለ አለኝ። መድኃኒቱን ብትሽርም አታቋርጪ፣ ካስመለሳት ያዢና ነይ፣ ሌሎቹንም አጎበር ውስጥ አስተኚ አለኝ። ይኸው አስመለሳት፣ ይዘን መጣን፣ ዳነች። መልሰሽ ንገሪኝ እያለ እንደ ዳዊት ነው ያስደገመኝ። ለምን እንደዘለለም ጠየቅሁት። ሌላ ቢሆን ይዋሸኝ ነበር፤ እሱ ግን አልዋሸኝም።»

«አልተቀየምሽውም?»

«ተቀይሜው ነበር እንጂ! ልጄ ብትሞትብኝ ምን እሆን ነበር?» አለች። «አሁን ግን ልጄ ነገ ብትታመምብኝ፣ ማን ደሟን ይይልሽ ብትሉኝ፣ እሱ ይይልኝ ነው የምለው። ሌላው ገና ሊዘል ይችላል። እሱ ከእንግዲህ የሰው ደም አይቶ አይዘልም።»

ገምጋሚው ክላሴሩን እንደገና ከፈተው። ያችን ገጽ አወጣና ወደ እትዬ ዘርፌ ገፋ አደረገው። እትዬ ዘርፌ እስክሪብቷቸውን አነሡ። ፈረሙ። ከፊርማው በላይ «የአሠልጣኝ ስም» የሚል ባዶ መስመር አለ፤ በሁሉም ገጽ ላይ የራሳቸውን ስም የሚጽፉበት ነው። እዚያ ላይ ቀስ ብለው «ወይዘሮ ማንጠግቦሽ» ብለው ጻፉና የማህተሙን ቀለም ከፍተው አቀረቡላት።

«ጣቴን ነው? ይኼ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ያስተማርሽውን ልጅ አስመርቂው» አሏት።